«ዋ» እና የሰሚው ድርሻ

«ዋ» በጃፓንኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከስም ኋላ የምትቆም አንዲት ቀለም ናት። ብቻዋን ምንም አትሰይምም፤ ሰውም ዕቃም ቦታም ድርጊትም አትጠራም። ሥራዋ ከፊቷ ያለውን ቃል ይዛ «ነገሩ የሚነሣው ከዚህ ነው» ብላ ማስታወቅ ነው። ጃፓንኛ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ትምህርት ያገኛታል። «ዋታሺ ዋ ጋክሴ ዴስ» ይላል፤ «እኔ ተማሪ ነኝ» ማለቱ ነው። ከአራቱ ቃላት ሦስቱ በአማርኛው ውስጥ አቻ አላቸው፤ ዋታሺ እኔ፣ ጋክሴ ተማሪ፣ ዴስ ነኝ ተብለው ይፈታሉ። ዋ ግን ሳትፈታ ትቀራለች። መዝገበ ቃላት ገልጦ ፍቺዋን የሚፈልግ ሰው እምብዛም አይቀናውም፤ ፍቺዋ ያለው በተናጋሪና በሰሚ መካከል ነውና።

ጃፓኖች ዋን የመሰሉ ጥቃቅን ቃላትን በጥንቱ አጠራር «ቴኒኦሃ» ይሏቸዋል። ስሙ የአራት አገባቦች ስብስብ ነው። የመጣውም ጃፓኖች በቻይና ፊደል የተጻፈውን መጽሐፍ በራሳቸው ቋንቋ ለማንበብ ሲሉ በየፊደሉ ማዕዘን ላይ ያኖሩት ከነበረው ነጥብ ነው፤ ነጥቡ የተቀመጠበት ማዕዘን የትኛው አገባብ እንደሚጨመር ለአንባቢው ይነግረው ነበር። ስሙንና ግሡን ከቻይንኛው አገኙ፤ ማያያዣውን ግን ከራሳቸው አፍ መጨመር ነበረባቸው። ዛሬም ንግግሩ እርስ በርሱ የማይያያዝ ሰው «ቴኒኦሃው አይገጥምም» ይባላል። ሊቁ ሞቶኦሪ ኖሪናጋ እ.ኤ.አ. በ1779 ስለ እነዚህ አገባቦች ጽፎ የፈጸመውን መጽሐፍ «ኮቶባ ኖ ታማ ኖ ኦ» አለው፤ የቃላት ዕንቁ ክር እንደ ማለት ነው። ዕንቁው ስሙና ግሡ ነው፤ ክሩም አገባቡ።

ይህ አከፋፈል ለኢትዮጵያ ትምህርት እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት የግእዝ መምህራን አገባብን ከግሥ ለይተው ያስተምራሉ፤ ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ብለውም በሦስት ይከፍሉታል። ግሥ ያወቀ አገባብ ካላወቀ ቅኔ መቍጠር እንደማይሆንለት ደቀ መዝሙሩ ቀድሞ ይረዳል። የአማርኛ ሰዋስው ጸሐፊዎችም ይህንኑ መንገድ ይዘዋል። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1948 ዓ.ም.፣ ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. «የአማርኛ ሰዋስው» በሚል ርእስ ባሳተሟቸው መጻሕፍት በ፣ ከ፣ ለ፣ ወደ የመሳሰሉት መስተዋድዶች ከስምና ከግሥ ተለይተው የራሳቸው ስፍራ አላቸው። ሁለቱ አገሮች ሳይገናኙ ለጥቃቅን ቃላት ትልቅ ክብር የሰጡት በአጋጣሚ አይደለም፤ ቋንቋን ከውስጥ የመረመረ ሁሉ እዚያው ይደርሳል።

በስምና በአገባብ መካከል ያለው ልዩነት በደቡብ አዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስም ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሽቦ አልባው የራዲዮ መገናኛ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ አማርኛ ስም አልቸገረውም። ከዐረብኛ የተዋሰውን ስልክ ከነፋስ ጋር አጣምሮ ነፋስ ስልክ አለው፤ ጣቢያው የቆመበት ሰፈርም በዚያው ተጠራ። አዲስ ነገር በመጣ ቍጥር አዲስ ስም ይወለዳል ወይም ይዋሳል፤ ኮንዶሚኒየምም ኢንተርኔትም የገቡት በዚህ በር ነው። በ፣ ለ፣ ከ፣ የ የሚባሉት ግን በየዘመኑ አይወለዱም፤ ከጎረቤት ቋንቋም በቀላሉ አይወሰዱም። ቍጥራቸው ጥቂት፣ ዕድሜያቸው ረጅም ነው። ሰው ቋንቋውን ሲናገር ስሞችን እየመረጠ ይናገራል፤ አገባቦቹን ግን መምረጡን ሳያውቀው ይመርጣል።

ከጃፓን ወደ ኢትዮጵያ የገባውም ቃል ሁሉ ስም ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደ ጃፓን ተጉዘው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን አሳተሙ። የዚያ ትውልድ ጥያቄ የሥልጣኔ ጥያቄ ነበር። በኋላ ካራቴ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ካይዘን የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ቃል ሆነ። አማርኛ እነዚህን ስሞች የተቀበለው የራሱን አገባብ እያለበሰ ነው፤ «የካይዘን ሥልጠና» ይላል፤ «በካይዘን» ይላል፤ «ካይዘንን» ይላል። ከስሞቹ ጋር አንድም የጃፓን አገባብ አብሮ አልገባም። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ጀማሪ ጥቂት የጃፓን ስሞችን ከትምህርቱ በፊት ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ ዋን ግን የሚያገኛት የቋንቋውን ደጃፍ ሲረግጥ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ግር የሚያሰኝ ነገር አጻጻፏ ነው። ዋ ሂራጋና በተባለው የጃፓን ፊደል ስትጻፍ «ሃ» በሚለው ፊደል ትጻፋለች፤ ስትነበብ ግን ዋ ናት። በጥንት ዘመን ጽሑፉና ድምፁ ይቀራረቡ ነበር፤ ድምፁ እየተለወጠ ሲሄድ ጽሑፉ ባለበት ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1946 የጃፓን መንግሥት አጻጻፉን ከዘመኑ አነጋገር ጋር ሲያስታርቅ ሦስት አገባቦችን በጥንቱ መልካቸው ተዋቸው፤ በሃ የሚጻፈውን ዋ፣ በዎ የሚጻፈውን ኦ፣ በሄ የሚጻፈውን ኤ። ሀ፣ ሐ፣ ኀን በአንድ ድምፅ እያነበበ በሦስት መልክ መጻፍ የለመደ ሰው ይህን ለመቀበል አይከብደውም። ጃፓንኛ በቃላት መካከል ክፍተት ስለማይተው እነዚህ በልዩ አጻጻፍ የቀሩ ቀለማት ለዓይንም ያግዛሉ፤ አንዱ ሐረግ አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን ድንበር ያሳያሉ።

የቃላቱ ቅደም ተከተል ለአማርኛ ተናጋሪ የተመቸ ነው። ግሡ በሁለቱም ቋንቋዎች በመጨረሻ ይመጣል፤ ገላጩም ከተገላጩ ይቀድማል። «የእኔ መጽሐፍ» በጃፓንኛ «ዋታሺ ኖ ሆን» ነው። አማርኛ የን ከባለንብረቱ ፊት ያኖራል፤ ጃፓንኛ ኖን ከኋላው ያስከትላል፤ ባለንብረቱ ከንብረቱ መቅደሙ ግን አንድ ነው። ተሳቢውም እንዲሁ ቅርብ ነው። አማርኛ «ቡና ጠጣሁ» ሲል ን አይጨምርም፤ «ቡናውን ጠጣሁ» ሲል ይጨምራል። ጃፓንኛ ደግሞ የታወቀውንም ያልታወቀውንም ተሳቢ በኦ ያስከትላል። ጀማሪው ን በማትደርስበት ቦታ ኦ እንደምትደርስ ካስተዋለ ሌላው ልምምድ ነው። ኖ እና ኦ በዕቃና በዕቃ፣ በድርጊትና በተደራጊ መካከል ያለውን ግንኙነት ስለሚያመለክቱ ዓለምን በማየት ይያዛሉ። ዋን ለመያዝ ግን ዓለምን ማየት አይበቃም።

ጀማሪው አብዝቶ የሚሳሳተው ዋን የባለቤት ምልክት አድርጎ ሲይዛት ነው። «እኔ ተማሪ ነኝ» በሚለው ውስጥ እኔ ባለቤት ነው፤ ዋ ከዋታሺ ኋላ ቆማለች፤ እንግዲያው ባለቤትን ታመለክታለች ብሎ ይደመድማል። ብዙ ዐረፍተ ነገር ይህን ግምት ይደግፍለታል። ግምቱን የሚያፈርሰውን ዐረፍተ ነገር ሚካሚ አኪራ የተባለው ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1960 ላሳተመው መጽሐፍ ርእስ አደረገው፦ «ዞ ዋ ሃና ጋ ናጋይ»። ሚካሚ የሒሳብ መምህር ነበር፤ የጃፓንኛ ሰዋስው ከአውሮፓ የተዋሰውን የ«ባለቤት» ሐሳብ መተው ይገባዋል ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል። ዞ ዝሆን፣ ሃና አፍንጫ፣ ናጋይ ረጅም ማለት ነው። በአውሮፓ ሰዋስው ለተማረ ሰው ዐረፍተ ነገሩ እንቆቅልሽ ነው፤ ረጅም የተባለው አፍንጫው ከሆነ ዝሆኑ እዚያ ምን ይሠራል?

አማርኛ ለዚህ መልስ አለው። «ዝሆን አፍንጫው ረጅም ነው» ይላል፤ የጃፓንኛውም አካሄድ ይኸው ነው። «ነው» የሚለው ማሰሪያ የሚስማማው ከአፍንጫው ጋር ነው። ዝሆን ከፊት ቀድሞ ነገሩ ስለ ማን እንደሆነ አስታውቆ ቆሟል፤ ከአፍንጫ ጋር የተለጠፈችው ው ደግሞ አፍንጫውን ወደ ዝሆኑ ትመልሳለች። እንዲህ ያለው አነጋገር በንፋስ ስልክ ላፍቶ መንገዶች ላይ ዘወትር የሚሰማ ነው። «ሳሪስ መኪናው ብዙ ነው» ይባላል፤ ጃፓንኛው «ሳሪስ ዋ ኩሩማ ጋ ኦይ» ነው። «ጀሞ ኪራዩ ውድ ነው» ይባላል፤ «ጀሞ ዋ ያቺን ጋ ታካይ» ነው። ሳሪስም ጀሞም ባለቤት አይደሉም፤ ብዙው መኪናው፣ ውዱ ኪራዩ ነው። የሰፈሩ ስም የሚቀድመው ሰሚው ልቡን ወደዚያ እንዲመልስ ነው። አማርኛ ይህን የሚያደርገው በቦታና በትንፋሽ ሲሆን ጃፓንኛ በዋ ያደርገዋል።

መነሻና ባለቤት ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ የምግብ ቤት አነጋገር ይበልጥ ያሳያል። የጃፓንኛ ሰዋስው ተማሪዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ምሳሌ «ቦኩ ዋ ኡናጊ ዳ» ነው። ቃሉ ሲፈታ «እኔ ዓሣ ነኝ» ሊመስል ይችላል፤ ኡናጊ እባብ መሰል ረጅም ዓሣ ነውና። ሰውየው ግን ያለው «በእኔ በኩል የማዝዘው ኡናጊ ነው» ነው። መካኒሳ ወይም ጎፋ በሚገኝ ምግብ ቤት አስተናጋጁ ሳሕን ይዞ «ሽሮ ማን ነው?» ሲል «እኔ ነኝ» የሚል መልስ ያገኛል፤ ማንም ሰው ሽሮ ሆነ ብሎ አይገረምም። በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ንግግሩ ስለ ትእዛዝ መሆኑን ያውቃሉ፤ ያ የጋራ ዕውቀት ዐረፍተ ነገሩ ያልተናገረውን ሞልቶ ይናገራል። ዋ የምትሠራው በዚህ የጋራ ዕውቀት ላይ ነው። የተባለው ጥቂት፣ የታወቀው ብዙ በሆነበት ቦታ ሁሉ ትበረታለች።

ዋን በትክክል ለማወቅ ከእኅቷ ከጋ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሰዎች በሰልፍ ቆመው ሲጫወቱ አንዱ ድንገት «ታክሲ መጣ!» ቢል ስለ ታክሲ የተጀመረ ወሬ አልነበረም፤ ሁኔታው በሞላ አዲስ ነው። ጃፓንኛው «ታክሺ ጋ ኪማሺታ» ይሆናል። ስለ ጠሩት ታክሲ ሲነጋገሩ ቆይተው «ታክሲውስ?» ተብሎ ቢጠየቅና «ታክሲው መጥቷል» ቢባል ግን «ታክሺ ዋ ኪማሺታ» ይሆናል። የአማርኛዋ ው እና የጃፓንኛዋ ዋ እዚህ ላይ አብረው ይሄዳሉ። ሁልጊዜ ግን አብረው አይሄዱም። ሲጠበቅ የቆየው አውቶቡስ ብቅ ሲል አማርኛ «አውቶቡሱ መጣ» ይላል፤ ጃፓንኛ በዚህ ጊዜ «ባሱ ጋ ኪታ» ብሎ ጋን ይመርጣል። አውቶቡሱ የታወቀ ነው፤ የሚነገረው ግን ስለ አውቶቡሱ ጠባይ ወይም ዕጣ አይደለም፤ መምጣቱ ራሱ ወሬ ሆኖ ቀርቧል። መታወቅ አንድ ነገር፣ የንግግር መነሻ መሆን ሌላ ነገር መሆኑን ጀማሪው እዚህ ላይ ይማራል።

ይህ ልዩነት ከሰዋስው አልፎ የፍልስፍና ጥያቄ ሆኗል። ከአርስጣጣሊስ ጀምሮ ለረጅም ዘመን ፍርድ የተባለ ሁሉ ሁለት ክፍል እንዳለው ይታሰብ ነበር፤ የሚነገርለትና ስለ እሱ የሚነገረው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈላስፋው ፍራንዝ ብሬንታኖ ይህን ተቃወመ፤ አንድን ነገር አለ ብሎ መቀበል ብቻውን ሙሉ ፍርድ ሊሆን እንደሚችል አስተማረ። ተማሪው አንቶን ማርቲ ሐሳቡን ወደ ቋንቋ ጥናት ወሰደው፤ ነጠላና ድርብ ፍርድ ብሎ ለየ። በነጠላው ፍርድ ሁኔታው በአንድ ጊዜ ይቀርባል፤ በድርቡ መጀመሪያ አንድ ነገር ይያዛል፣ ቀጥሎ ስለ እሱ ይነገራል። የቋንቋ ሊቁ ሺገዩኪ ኩሮዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ ፈላስፎቹ በሐሳብ የለዩትን ጃፓንኛ በግልጽ ምልክት እንደሚለየው አሳየ፤ ጋ የነጠላው፣ ዋ የድርቡ ፍርድ ምልክት መሆን ትችላለች። «ዝናብ እየዘነበ ነው» ነጠላ ፍርድ ነው፤ ዝናብ የሚባል ነገር ተይዞ ስለ እሱ የተነገረ የለም። ስለ ዝናቡ ሲወራ ቆይቶ «ዝናቡ አቆመ» ሲባል ግን መጀመሪያ ዝናቡ ተይዟል፤ ቀጥሎ ዕጣው ተነግሯል።

የጥያቄ ቃላትም ልዩነቱን ያጠነክሩታል። «ማን» የሚለው ቃል በጃፓንኛ ዳሬ ነው፤ መነሻ የምታደርገዋን ዋን ግን አይቀበልም። ያልታወቀ ነገር የንግግር መነሻ ሊሆን አይችልምና «ዳሬ ጋ» መባል አለበት። መልሱም ጋን ይከተላል። «ማን ነው የሚያስተምረው?» ለሚለው ጥያቄ «ዋታሺ ጋ ኦሺየማስ» ይመለሳል። አማርኛ እዚህ ላይ የራሱን መሣሪያ ያነሣል፤ «እኔ ነኝ የማስተምረው» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን ይገለብጠዋል። ነገሩ ተራ ሲሆን «አስተምራለሁ» ይበቃል፤ ከብዙዎች መካከል አንዱን ለይቶ ማውጣት ሲያስፈልግ ግን «ነኝ የ» ትመጣለች። አማርኛ በዐረፍተ ነገር ግንብ የሚሠራውን ጃፓንኛ በአንዲት ቀለም ይሠራዋል። «እኔ ነኝ የማስተምረው» በሚልበት ቦታ ሁሉ ጋን የሚመርጥ አማርኛ ተናጋሪ አብዛኛውን ጊዜ አይሳሳትም።

ዋ ሌላም ፊት አላት። የቋንቋ ሊቁ ኩኖ ሱሱሙ እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመው የጃፓንኛ ሰዋስው ጥናቱ ሁለት ሥራ ለይቶላታል፤ አንዱ መነሻን ማቆም ነው፤ ሁለተኛው ማነጻጸር። ጀማሪው «ቡና እጠጣለሁ» ለማለት «ኮሂ ኦ ኖሚማስ» ማለት ይገባዋል። ኦን ትቶ «ኮሂ ዋ ኖሚማስ» ቢል ዐረፍተ ነገሩ አይፈርስም፤ ትርጕሙ ግን ይጠማዘዛል። ሰሚው «ቡናስ እጠጣለሁ» ብሎ ይሰማዋል፤ ያልተጠቀሰ የማይጠጣ ነገር እንዳለ ይጠረጥራል። ሻይ አቅርቦ የነበረ አስተናጋጅ ሻይው እንዳልተወደደለት ሊያስብ ይችላል። ተናጋሪው ስለ ሻይ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ሆኖም ዋ ሻይን አስነሥታለች። የጀማሪ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ሰሚው ንግግሩን እንዳይረዳው ያደርጋል፤ የዋ ስሕተት ግን ያልተባለ ነገር እንደተባለ ያስመስላል፤ ስለዚህም ለማረም ከባድ ነው።

በ«ቡናስ» ውስጥ ያለችው ስ ለአማርኛ ተናጋሪ ወደ ዋ የምታደርስ ቀጥተኛዋ መንገድ ናት። ኢትዮጵያዊ ሰላምታ በስ የታሠረ ነው፤ «እንዴት ነዎት? ቤተሰብስ? ልጆችስ? ሥራስ?» ተብሎ ይጠየቃል። በእያንዳንዱ ስ አዲስ መነሻ ይቆማል፤ የሚነገረው ግን ለሰሚው ይተዋል። ጃፓንኛ በዋ የሚሠራው ከዚህ አይለይም። «ኦናማኤ ዋ?» ሲል «ስምዎስ?»፣ «ኦሺጎቶ ዋ?» ሲል «ሥራዎስ?» ማለቱ ነው። ማሰሪያው አልተነገረም፤ ማንም አይናፍቀውም። ጠያቂው መነሻውን አቀረበ፤ መልስ ሰጪው ንግግሩን ፈጸመ፤ አንዱ ዐረፍተ ነገር በሁለት ሰው ተከፈለ። የዋ እውነተኛ ጠባይ ከዚህ የበለጠ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ የለም። መነሻ የሚባለው ነገር ከተናጋሪው አፍ ይውጣ እንጂ የሚቆመው ሰሚው ከተቀበለው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ዋን በሁሉ ቦታ በስ መተካት አይቻልም። በአማርኛ ስ ብርቅ ናት፤ ጥያቄ ወይም ንጽጽር ከሌለ አትመጣም። «እኔስ ተማሪ ነኝ» ያለ ሰው ከሌሎች ጋር ራሱን እያነጻጸረ ነው። ማ ደግሞ ከዚህም ትጠነክራለች፤ «እኔማ አልሄድም» ውስጥ ቁርጥ ሐሳብ አለ። ዋ ግን ንጽጽር በሌለበት በተራው ንግግርም ትገኛለች። አማርኛ ይህን ሥራ ለብዙዎች አካፍሎታል፤ ጥቂቱን ለስ፣ ጥቂቱን ለማ፣ ጥቂቱን ለው፣ ጥቂቱን ለቃል ቅደም ተከተል፣ የቀረውን ለድምፅ። ጃፓንኛ ከሥራው አብዛኛውን በአንዲት ቀለም ላይ ጫነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ዋን ሲማር አዲስ ሐሳብ አይማርም፤ ተበትኖ ይኖር የነበረ የራሱን ዕውቀት መሰብሰብን ይማራል።

ከመሰብሰቡ ቀጥሎ መተው ይመጣል። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በውስጡ ይዟል፤ «ሄድኩ» ሲባል እኔ፣ «ሄደች» ሲባል እሷ መሆኗ ታውቋል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ «እኔ» እና «እሷ» የሚሉትን ቃላት ሳይጨነቅ ይተዋቸዋል። የጃፓንኛ ግሥ ግን ማን እንደሄደ አይናገርም፤ «ኢኪማሺታ» ሄድኩም ሄድክም ሄደችም ሄዱም ሊሆን ይችላል። ይህን ሲያይ ጀማሪው ይደነግጣል፤ የጎደለውን ለመሙላትም በየዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ «ዋታሺ ዋ፣ ዋታሺ ዋ» ይላል። ጃፓናዊ ሰሚ ይህን ሲሰማ ተናጋሪው ራሱን ደጋግሞ ወደ ፊት የሚያወጣ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ የቆመ መነሻ በሌላ እስኪተካ ድረስ ለሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ይበቃል። ዋን ማወቅ እንግዲህ ሁለት ክፍል አለው፤ የምትባልበትን ማወቅና የማትባልበትን ማወቅ። ሁለተኛው የሚጠይቀው ሰሚው እስካሁን ምን እንደያዘ መገመትን ነው፤ ግምቱም በአክብሮት ነው፤ የያዘውን ደግሞ መንገር አልሰማህም እንደ ማለት ይሆናልና።

አክብሮቱ በሁለተኛ መደብ ይበልጥ ይጎላል። አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እያለ የሰውን ጾታና ክብር በግሡ ላይ ያሳያል፤ ሳይመርጡ መናገር አይቻልም። ጃፓንኛ ለ«አንተ» የሚቀርበውን «አናታ» የተባለ ቃል ያውቃል፤ በትልቅ ሰው ወይም በማያውቁት ፊት ግን ብዙም አይነገርም። በሰውየው ስም ላይ የአክብሮት ቅጥያው «ሳን» ተጨምሮ ከዚያ ዋ ትከተላለች፤ ሰውየው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ በስሙ መነሻ ይሆናል። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳስተዋለው ቋንቋዎች የሚለያዩት ሊናገሩት በሚችሉት ሳይሆን ሳይናገሩት ሊያልፉት በማይችሉት ነው። አማርኛ አንተና አንቺን ሳይለይ አያልፍም። ጃፓንኛም ዋን እና ጋን ሳይለይ ዐረፍተ ነገር መሥራት እምብዛም አይሆንለትም።

ከዚህ በመነሣት ጃፓኖች ራሳቸውን ይሰውራሉ፣ ባለቤት የሌለው ሐሳብ ያስባሉ የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ቀላል ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎችም ደርሰውበታል። አማርኛ ይህን ድምዳሜ አይደግፍም። «ዝሆን አፍንጫው ረጅም ነው» የሚል ሕዝብ ከ«ዞ ዋ ሃና ጋ ናጋይ» ባዮች ጋር አንድ አካሄድ ይዟል፤ የሕዝብ ጠባያቸው አንድ ነው የሚል ግን የለም። የሰዋስው መልክ የሕዝብ ነፍስ መስታወት አይደለም። ለሰው ሁሉ የጋራ የሆነው ሌላ ነው፤ ማንም ሰው ከምንም ተነሥቶ አይናገርም፤ ሰሚው አስቀድሞ በያዘው ላይ ጨምሮ ይናገራል። ቋንቋዎች የሚለያዩት ይህን መደመር በሚያሳዩበት ቦታ ነው። አንዱ በግሥ ያሳያል፤ አንዱ በቃል ቅደም ተከተል፤ ጃፓንኛ በዋ።

ጃፓናዊው የቋንቋ ሊቅ ቶኪኤዳ ሞቶኪ እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው ዐቢይ ሥራው የጃፓንኛን ቃላት በሁለት ከፍሏቸዋል፤ ነገርን የሚሰይሙና የተናጋሪውን አቋም የሚገልጹ። ዋን የመሰሉት በሁለተኛው ወገን ናቸው፤ በዓለም ውስጥ ተፈልገው አይገኙም፤ ተናጋሪው ወደ ነገሩ የቆመበትን አኳኋን ያሳያሉ። በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ዋ የተናጋሪውን አኳኋን ስታሳይ የሚታየው ወደ ሰሚው የዞረበት አኳኋን ጭምር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ሲያስብ መነሻውና ስለ እሱ የሚነገረው ተለይተው ሊቀመጡለት አያስፈልግም፤ ሁሉንም እርሱ ያውቀዋል። ዋ አስፈላጊ የምትሆነው ሁለተኛ ሰው ሲኖር፣ የእርሱም ዕውቀት ከተናጋሪው ዕውቀት ሲለይ ነው። ስለዚህ ሰሚ የሌለው ዋ የለም።

ጀማሪ ዋን በሥርዓት ለመያዝ የሚሄድበት መንገድ ከዚህ ይታወቃል። መጀመሪያ «ዋታሺ ዋ ጋክሴ ዴስ» በሚለው መልክ ቦታዋን ይለምዳል። ቀጥሎ በ«ሥራስ?»፣ «ልጆችስ?» በኩል መነሻ ማቆም ምን እንደሆነ በራሱ ቋንቋ ይሰማዋል። «ሳሪስ መኪናው ብዙ ነው» በሚለው መነሻን ከባለቤት ይለያል። «እኔ ነኝ የማስተምረው» እያለ ጋን ይመርጣል። «ቡናስ እጠጣለሁ» በሚለው የንጽጽሯን ኃይል ያውቃል፤ ሳይፈልግም አያስነሣትም። በመጨረሻ መተዋን ይማራል። በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ የሚያድገው የቃላት ዕውቀቱ አይደለም፤ ቃሉ አንድ ነው፤ የሚያድገው ሰሚው የያዘውን ከመናገሩ በፊት የመመርመር ልማዱ ነው። ይህ ልማድ በጃፓንኛ በአንዲት ቀለም ስለሚመረመር ጉድለቱ ወዲያው ይታወቃል፤ በአማርኛ ግን ተበትኖ ስላለ ጉድለቱ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ዋን በቦታዋ ማዋል የለመደ ሰው በራሱ ቋንቋም ንግግሩን ሲጀምር ከሰሚው ጋር የሚጋራውን ለይቶ ይጀምራል፤ የባዕድ ቋንቋ ትምህርት ለባለቤቱ ሊያተርፍለት ከሚችለው ሁሉ ይህ ትልቁ ነው።